ጁማናና ዓሣ ጠባሹ

ያን ዓርብ ጁማና ቤት ብትቀር ትመርጥ ነበር። ወንድሟ ሙወፈቅ ግን ከጁምዓ ሶላት እንደተመለሰ፣ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዛሬ ምሳ ወንዝ ዳር ነው! ዓሣ ልጋብዛችሁ ነው፤ ተነሡ!» አለ።

እናታቸው ከምድጃው ዞር አለች። «ምን ተገኘ ልጄ?»

«ምን ይገኛል እማ? ሰው መሆናችንን ረስተነው ነው እንጂ።»

ጁማና ሻርፗን አሰረች። ወንድሟ ሲደሰትም እንደሚቆጣው ነው፤ መሐል የለውም። ከደማስቆ ዳርቻ ከዳረያ ተሰደው ግብፅ፣ ዱምያት ከገቡ አራተኛ ዓመታቸው ነበር። ዱምያት የአናጢ ከተማ ናትና ሙወፈቅ ሥራ አላጣም፤ የአልጋ ራስጌ ላይ የወይን ሐረግ ሲቀርጽ የሚያየው ሁሉ አፉን ይይዛል። ያጣው ትዕግሥት ነው። አባታቸውን ከፈረሰ ቤት ሥር በገዛ እጁ ቆፍሮ ካወጣ ወዲህ፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ከተናገረው ዓይኑ ይቀላል። ጁማና የነርስነት ትምህርቷን በሁለተኛ ዓመቷ አቋርጣ ነው የወጣችው፤ እዚህ ለቤት ዕቃ ሱቆች የሶፋ ልብስ ትሰፋለች።

ምግብ ቤቱ ኤዝበት ኤልቦርግ በምትባለው ከተማ ነበር፤ ዓባይ ባሕሩ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ከሚያስሩበት ዳርቻ። ጠረጴዛዎቹ እስከ ውኃው አፍ ድረስ ተደርድረዋል። ደጅ የቆመ ረጅም የብረት ምድጃ አለ፤ ከምድጃው ኋላ ደግሞ እጅጌውን የጠቀለለ ረጅም ሰው። ዓሣውን በፉርሽካ እየለወሰ ፍም ላይ ያጋድመዋል፤ ሲገለብጠው እጁ አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ጁማና ሁለት ጊዜ አየችው። በሁለተኛው እሱም አያት። ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ።

ትሪውን ይዞ የመጣው ራሱ ነው።

«ሶሪያውያን ናችሁ?»

ሙወፈቅ አንገቱን ቀና አደረገ። «ብንሆንስ?»

«ሎሚ ልጨምር ብዬ ነዋ። ሶሪያዊ ያለ ሎሚ አይበላም ይላሉ።»

እናቲቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። ሙወፈቅም ፈገግ አለ። ሰውየው ሦስት ሎሚ አስቀምጦ ሄደ፤ አንዱን ግን ከሌሎቹ ለይቶ ጁማና ፊት አኖረው።

ገና ዓሣውን መፈልፈል ሲጀምሩ ከኋላቸው አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ሙወፈቅ! አቤት አቤት! ስደተኛው ሽሪምፕ መብላት ጀመረ?»

ሻውቂ ነበር። ሻውቂ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሙወፈቅ ለእሱ ሠርቶ፣ ተጣልቶ የወጣው ባለፈው ክረምት ነው። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ሞልቶ ተቀምጧል።

«ለአላህ ብለህ አትመልስለት» አለች እናቱ፣ ክንዱን ይዛ።

ሙወፈቅ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሣም። መንጋጋው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሻውቂ ዝምታውን አይቶ ደፈረ። ወንበሩን አዙሮ ጁማናን ከሻርፗ እስከ ጫማዋ ተመለከታት።

«አልጋውን አንተ ትቀርጻለህ፤ ይሁን። አልጋው ላይ የምትተኛዋንስ በስንት ትለቅልኛለህ?»

ጓደኞቹ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ የሻውቂ ወንበር ወደ ኋላ ተገለበጠ።

ሙወፈቅ መቼ እንደተነሣ ጁማና አላየችም። ያየችው ወንድሟ የሻውቂ ደረት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጡጫ ሲደበድበው ነው። አንዱ ጓደኛ ጠርሙስ አንሥቶ የሙወፈቅ ጭንቅላት ላይ ሰበረው። ሌላው ጎኑን በጫማ ረገጠው። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ሩዙ፣ ሽሪምፑ፣ የተሰበረው ሳህን መሬቱን ሞላው። ልጆች የያዙ እናቶች ወደ ግድግዳው ሸሹ። እናቷ «ልጄን!» እያለች መሐል ገባች፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ክርን ደረቷን መቷት ወደቀች። ጁማና ልታነሣት ስትጎነበስ አንድ እጅ ከሻርፗ ጋር ፀጉሯን ጨምድዶ ጎተታት። ዞር ብላ የእጁን አንጓ ነከሰች። የሰው ደም ምን እንደሚል ያን ቀን ቀመሰችው።

ሙወፈቅ ከሥራቸው ተፈልቅቆ ተነሣ። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ አያይም። በእጁ ሲዳብስ ያገኘው የዓሣ መክተፊያውን ገበታ ነው፤ ገበታው ላይ ደግሞ ቢላዋ ነበር።

«በቃ! ወንድሜ፣ በቃ! ሰው ትገድላለህ!»

ዓሣ ጠባሹ ነው። ከኋላ መጥቶ ሙወፈቅን በሁለት ክንዱ አቀፈው። ሊያድነው ነበር። ሙወፈቅ ግን የተሰማው የጠላት ክንድ ነው፤ ቢላዋውን ወደ ታች፣ ወደ ኋላ ሰነዘረ።

ሰውየው አልጮኸም። «እህ» ብቻ አለ፣ ከባድ ነገር እንደሚያወርድ ሰው። ከዚያ ተቀመጠ።

ከጭኑ ደሙ ልቡ በመታ ቁጥር ይዘላል። ጁማና እንዲህ ያለውን ደም ታውቀዋለች፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይጨርሳል። ሮጣ ተንበረከከች። ሻርፗን ከራሷ ነጥቃ ጠቅልላ ቁስሉ ውስጥ ወተፈች፤ ጡጫዋን በላዩ ጭና፣ የሰውነቷን ክብደት ሁሉ ጣለችበት።

«መኪና!» አለች። «ማንም ይሁን፣ መኪና!»

የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ የሰውየው አጎት፣ ዓሣ የሚያመላልስበትን ፒካፕ አስነሣ። አራት ሰው ተሸክሞ ከኋላ ጫነው። ጁማና ጡጫዋን ሳታነሣ አብራ ተሳበች። ወንድሟ ቢላዋውን እንደያዘ በደም በተነከረ ፊቱ ቆሞ ሲያያት አየችው። የዳረያ ፊቱ ነው፤ አባታቸውን ያወጣ ቀን የነበረው። አንድ ቃል ሳትናገረው መኪናው ተነቃነቀ።

የዓሣው በረዶ በቀለጠበት የብረት ወለል ላይ ተንበርክካ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ትጫናለች።

«ስምህ ማነው?»

«ደሱቂ።»

«ደሱቂ፣ ዓይንህን እንዳትጨፍን። ከጨፈንክ በጥፊ ነው የምልህ።»

«ቆንጆ... ቆንጆ ሐኪም ነሽ።»

ዓይኑ ተከደነ። በአንድ እጇ አጮለችው።

«ኧረ ጉድ! እውነቷን ነው!»

«ስለ እናትህ ንገረኝ።»

«እናቴ አትማታም።»

ሁለተኛ አጮለችው፣ ሦስተኛም። ከንፈሩ ወተት እየመሰለ ሄደ። «በርዶኛል» አለ። ጁማና ደረቱ ላይ ተደፍታ፣ ጉንጯን ጉንጩ ላይ አድርጋ፣ ከዳረያ ከወጣች ጀምሮ ማንንም ያልለመነችውን ለመነችው። «እባክህ አትሙት። በወንድሜ እጅ አትሙት።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ጣቶቿ አልዘረጋ ብለው ነርሶቹ አንድ በአንድ አላቀቋቸው።

*

በማግስቱ እናቷ እግሯ ላይ ወደቀች። «ሂጂና ለምኚው። ሙወፈቅን አስረውታል። ከፈረዱበት በኋላ ወደዚያ አገር ቢመልሱትስ? ሴት ነሽ፣ ደሙን ይዘሽለታል፣ አንቺን ይሰማል።»

«የእግሩን ደኅንነት ልጠይቅ እሄዳለሁ» አለች ጁማና። «ሌላ ነገር ከአፌ አይወጣም።»

ደሱቂ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ጁማና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«እግርዎ እንዴት ሆነ?»

«‹እግርዎ›? ትናንት መኪና ላይ ‹አንተ› እያልሽ ነበር እኮ የምትማችኝ።»

ሳትፈልግ ፈገግ አለች። ዝም ተባባሉ። ዝምታው ግን የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ የሚያውቀው ቤት እንደገባ ሰው ሁለቱም ተቀመጡበት።

«ፖሊሶቹ መጥተው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቢላዋው በእጄ ነበር፤ ስገላግል ተንሸራትቼ ራሴን ወጋሁ ብያቸዋለሁ።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ማን ለመነህ?»

«ማንም።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ...»

«ለአንቺ አይደለም። ስምሽን እንኳ አላውቅም።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «በሃያ ዓመቴ መርከብ ላይ እሠራ ነበር። ማዕበል በባዕድ አገር ወደብ ጥሎን ድንበር ጥሳችኋል ተብለን ታሰርን። አራት ወር። ‹ዓሣ አጥማጅ ነኝ› ብል፣ ‹ባዕድ ነህ› ነበር መልሱ። ትናንት አጎቴ እኔን አድርሶ ሲመለስ፣ ወንድምሽን በካቴና ሲወስዱት አይቶ ነገረኝ፤ ‹የአገሬን ሰው ጥሩልኝ› ይል ነበር አለኝ። እኔም እንደዚያ ብዬ ጮኼ አውቃለሁ።»

ጁማና ልታመሰግነው ፈለገች፤ አልቻለችም። ልትቆጣው ፈለገች፤ ይህም አልሆነላትም። ስትወጣ፣ በሩ ላይ፣ «ጁማና እባላለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ከእናቷ ጋር ጠየቀችው። እናቷ ሾርባ ስትቀዳ እነሱ ይተያያሉ። በሦስተኛው ቀን ደሱቂ በእንጨት ተደግፎ አልጋውን አንድ ዙር ዞረ፤ ጁማና ክንዱ ሥር ገብታ ደገፈችው። አንድ ዙር ይበቃ ነበር። ሁለት ዞሩ።

*

ሙወፈቅ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተፈታ። ሻውቂም ጠርሙስ የሰበረው ጓደኛው እንዳይከሰስ ፈርቶ ክስ አላቀረበም፤ በምላሱ ግን ከሰሰ። ዱምያት ውስጥ ወሬ ከመጋዝ ይፈጥናል። ሙወፈቅ ወደ ሥራው በተመለሰ በሳምንቱ አንዱ አናጢ፣ «እኅትህ ጥሩ ጠበቃ ናት አሉ፤ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ተከራከረችልህ» አለና ጥቅሻ ጣለበት።

ያን ቀን ሙወፈቅ በሩን በእግሩ በርግዶ ገባ።

«ምን ሰጥተሽው ነው?»

ጁማና ከስፌት መኪናው ቀና አለች። «ማንን?»

የመጀመሪያው ጥፊ ከወንበሯ ጣላት። ሁለተኛው ከንፈሯን ከፈለው። ስልኳን ከግድግዳው አላተመው። ፀጉሯን ይዞ ሲያነሣት ዓይኖቹን አየች፤ እሷን አያዩም ነበር።

«ምታ!» አለችው፣ ደም እየተፋች። «ያንን ከኋላው ወጋኸው፣ እኔን ከፊት ምታኝ! ጀግና!»

እጁን እንደገና ሲያነሣ እናታቸው መሐል ገባች። ያቺ በልጆቿ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ ሙወፈቅን በጥፊ መታችው። ከዚያ ያንኑ የተነሣ እጁን ይዛ ለራሱ አሳየችው።

«አባትህን ከድንጋይ ሥር ያወጣኸው በዚህ እጅ አይደለም? ለዚህ ነው ያተረፍከው?»

ሙወፈቅ እጁን አየው። ከዚያ በግድግዳው ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

በአምስተኛው ቀን ደሱቂ አጎቱን አስከትሎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እያነከሰ መጣ። ምን ተፈጥሮ እንደነበር አልሰማም። ስልኳ አልመልስ ስላለው ነው የመጣው፤ ደግሞም ልቡ ከቆረጠ ቆይቷል። አጎቱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ እኛ ልጃችሁን...» ብሎ ሲጀምር ጁማና ውኃ ይዛ ገባች። ደሱቂ የተከፈለ ከንፈሯን፣ ከዚያም ያቀረቀረውን ሙወፈቅን አየ።

ምርኩዙ ከእጁ ወደቀ። ሙወፈቅን ከኮሌታው አንሥቶ ከግድግዳው አጣበቀው። ክንዱን ጉሮሮው ላይ ጫነ።

«እሷን? ነፍሰ ገዳይ ከመሆን ያተረፈችህን?»

ሙወፈቅ አልታገለም። ፊቱ እየጠቆረ ሲሄድም እጁን አላነሣም። መመታት የፈለገ ይመስል ነበር።

«ልቀቀው!» ጁማና የውኃውን ትሪ መሬት ላይ ጣለችው፤ ብርጭቆው ተሰባበረ። «ልቀቀው ብያለሁ! አንተም ያው ነህ? ሁላችሁም እጃችሁ ነው ቋንቋችሁ?»

ደሱቂ ለቀቀ። ክፍሉ ውስጥ የሙወፈቅ ሳል ብቻ ተሰማ።

«አሁን እኔ ልናገር» አለች። «ሻውቂ በሰው ፊት ዋጋዬን ጠየቀ። አንተ፣ ሙወፈቅ፣ እኅቴ አትሸጥም ብለህ ሰው ወጋህ። አንተ፣ ደሱቂ፣ ዋሽተህ አስፈታኸው። ዛሬ እሺ ብዬ ባገባህ ከተማው ምን ይላል? ‹የሻውቂ ጥያቄ ተመለሰ፤ ዋጋዋ ይኸው› ነው የሚለው። እኔም ራሴ ሌሊት ስነቃ ያንኑ እላለሁ።»

«ጁማና፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። እወድሃለሁ።» እናቷ አፏን በእጇ ያዘች። ጁማና ግን ቀጠለች። «እወድሃለሁ፤ ግን እውነቱ እስኪነገር ማንንም አላገባም። በውለታ አልሰጥም።»

ደሱቂ ምርኩዙን አነሣ። ሲወጣ ዓይኗን ሸሸ። ጁማና ኩሽና ገብታ በሩን ቆለፈች፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

*

ሙወፈቅ ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሰም። በአራተኛው ጠዋት ጢሙን ተላጨ፤ የመቅረጫ መሣሪያዎቹን ዘይት ቀብቶ በጨርቅ ጠቀለለና ለእናቱ ሰጣት። ከዚያ ጁማና የምትሰፋበት ድረስ መጥቶ ቆመ። ከንፈሯን ለማየት አልደፈረም።

«ዐቃቤ ሕግ ጋ ልሄድ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የወጋሁት ልላቸው ነው።»

መርፌው ጨርቁ ላይ ቆመ። «ሙወፈቅ፣ ቢመልሱህስ?»

«ይመልሱኝ። አባታችንን ሳወጣ... ያን ቀን ላይ እንዳለሁ ቀርቻለሁ ጁማና። ጮክ ያለ ነገር በሰማሁ ቁጥር እቆፍራለሁ፣ እቆፍራለሁ። አንቺን ስመታ ግን ማን እንደሆንሽ አውቅ ነበር። ያ ነው የማይለቀኝ።»

ተነሥታ አቀፈችው። ይቅር አላለችውም፤ ግን አቀፈችው።

ደሱቂ ለምስክርነት ተጠራ። ዳኛው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ ለምን ዋሸህ?» ሲለው፣ «ሰውየው ሊወጋ የፈለገው እኔን አልነበረም፤ ጌታዬ፣ እኔም ማንን እንደማቅፍ ሳልነግረው ነው ያቀፍኩት» አለ። ችሎቱ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ዳኛው አልሳቀም፤ ግን የተጎጂውን ይቅርታ ቆጥሮ ስድስት ወር ፈረደ። ከአገር ይባረር የሚል ቃል ግን አልተነበበም።

ስድስት ወር ሙሉ ደሱቂ በራቸውን አልረገጠም። ወንድ በሌለበት ቤት መግባት አልወደደም። ረቡዕ ረቡዕ ብቻ በእናቷ ስልክ ይደውላል።

«እግርህስ?»

«ቆሟል። ከንፈርሽስ?»

«ድኗል።»

ከዚያ ሁለቱም ስልኩን ሳይዘጉ ዝም ይላሉ። እናቷ፣ «ይሄ ዝምታችሁ ባትሪዬን ጨረሰው!» ብላ እስክትቆጣ።

ሙወፈቅ የተፈታ ቀን ወደ ቤት አልመጣም። ከእስር ቤቱ በቀጥታ ኤዝበት ኤልቦርግ ሄዶ፣ ምሳ የሚበላው ሰው ሁሉ እያየው፣ ምድጃው ፊት ቆመ። «የወጋሁህ እኔ ነኝ» አለ፣ ጮክ ብሎ። «አንተ ስታድነኝ ወጋሁህ። ሁሉም ይስማ።» ሹካ የያዙ እጆች ቆሙ። ደሱቂ እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ «ሰማን፣ ሰማን። ዓሣው እያረረ ነው፤ ተቀመጥ» አለው።

ሙወፈቅ አልተቀመጠም። «የመጣኸው ለእኅቴ ነበር። እኔን አትጠይቀኝ፤ እሷን ጠይቃት።»

ደሱቂ በማግስቱ ጠየቃት። ጁማና ወዲያው አልመለሰችም።

«አንድ ቀን እጅህን ብታነሣብኝ፣ በዚያው ቀን ነው የምሄደው። አልመለስም።»

«ያንን ወንድምሽን ያነቅኩ ቀን አሰብኩት» አለ፣ ሳይቀልድ። «ደስ ብሎኝ ነበር ሳንቀው። የፈራሁት ያንን ነው። እምላለሁ፣ ጁማና።» ከዚያ አንገቱን አከከ። «ግን መኪና ላይ ያቀመስሽኝ ጥፊ ሦስት ነው። አንቺስ ትምያለሽ?»

«አልምልም» አለች፤ ሳቀችም፣ አለቀሰችም።

ኒካሑ የታሰረው በእነሱ ሳሎን ነው። በአባትየው ቦታ ሙወፈቅ ተቀመጠ። ሼኹ እንደ አገሩ ወግ ሙሽራውና ሙወፈቅ እጅ ለእጅ እንዲያያዙ አዘዘና ነጭ መሐረብ በላዩ ጣለ። ጁማና ከእናቷ ጎን ሆና ታይ ነበር። ሙወፈቅ የሼኹን ቃል ሊደግም አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። እንደገና ሞከረ። እጁን ሊስብ ሲል ደሱቂ አጥብቆ ያዘው።

«ቀስ በል፣ ወንድሜ» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልለቅህም።»

ሙወፈቅ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ የእኅቱን ስም፣ የአባቱንም ስም ጠርቶ ቃሉን አንድ ሳያስቀር ተናገረ።